ሆቴሉ ወይስ ኡበሩ? 26 ክሬዲት ለቀራቸው ሥራ ፈላጊ

ወንድማችን፣ ጥያቄዎ ለሌሎች አንባቢዎችም ግልጽ እንዲሆን በአጭሩ እናስቀምጠው። 54 ዓመትዎ ነው። በ2019 በዲቪ ሜሪላንድ ገብተው ሦስት ዓመት ሬስቶራንት ሠሩ፤ ደመወዝዎ ግማሹ በቼክ፣ ግማሹ በካሽ ነበር። ከ2022 ወዲህ ኡበር ይነዳሉ። አሁን አንድ ሆቴል በሰዓት 19 ዶላር ሊቀጥርዎ ቢፈልግም፣ ኡበሩ በእጅ የሚያስገባው ይበልጣል ብለው እያመነቱ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ የመንግሥት ጡረታ) መዝገብዎ እስከ 2024 መጨረሻ 14 ክሬዲት (ታክስ በተከፈለበት ገቢ የሚያዝ የጡረታ ነጥብ) ብቻ ያሳያል። አገር ቤት ያስተማሩበት 22 ዓመት ይቆጠር እንደሆነም ጠይቀዋል።

ምክራችን ሆቴሉን ይያዙ ነው።

ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት ከ4 በላይ አይገኝም። በ2025 አንድ ክሬዲት ይያዝ የነበረው በ1,810 ዶላር ገቢ ነው፤ አራቱ በ7,240። በ19 ዶላር ሙሉ ጊዜ ከሠሩ ይህ ገንዘብ በ10 ሳምንት ውስጥ ይሞላል። በስድስት ዓመት እስከ 24 ክሬዲት ማግኘት ይችሉ ነበር፤ 10ሩ የጎደለው ሥራ ስላልሠሩ ሳይሆን የሠሩት ስላልተመዘገበ ነው። በካሽ ተከፍሎ ታክስ ያልተያዘበት ደመወዝ ለመዝገቡ እንዳልተሠራ ነው።

የኡበሩ ችግር ሌላ ነው። የሚቆጠረው ተሳፋሪው የከፈለው ሳይሆን ማይልና ሌላ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ትርፍ ነው፤ ከዚያም 92.35 በመቶው ብቻ ይወሰዳል። 45,000 ገብቶ ትርፉ 5,000 ሲሆን በ2024 ስሌት 2 ክሬዲት ይሰጣል። እውነተኛ ወጪን መቀነስ መብትዎ ነው፤ የማይል መዝገብ ሳይኖር በግምት የተጋነነ ማይል ግን በሕግም ያስጠይቃል፣ ጡረታንም ይበላል።

እዚህ ላይ ብዙ ታክስ ሠሪ የማይነግርዎ ነገር አለ። በስኬጁል ኤስኢ (የግል ሥራ ታክስ በሚሰላበት ቅጽ) ላይ አማራጭ የስሌት ዘዴ አለ፦ ትርፍዎ ትንሽ ሆኖ ጠቅላላ ገቢዎ ግን ከፍ ካለ፣ ለዓመቱ አራት ክሬዲት በሚበቃ መጠን ላይ ታክስ እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። ከቀደሙት ሦስት ዓመታት ቢያንስ በሁለቱ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ የግል ሥራ ትርፍ ማሳየት ግድ ነው፤ በዕድሜ ልክም ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። የ2022ና የ2023 ትርፍዎ ስለሚያበቃዎ የ2024ን ታክስ በ1040-ኤክስ (የታክስ ማሻሻያ ቅጽ) አሻሽለው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ቁጥርዎ ከላይ እንዳለው ምሳሌ ከሆነ 350 ዶላር አካባቢ ታክስ ጨምረው ተጨማሪ 2 ክሬዲት ያገኛሉ፤ የሚቀርዎም 26 መሆኑ ቀርቶ 24 ይሆናል፣ ማለትም ልክ ስድስት ዓመት። ለግል ሥራ ገቢ ጊዜው ገደብ አለው፤ ዓመቱ ካለቀ ከ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን በኋላ የቀረበ አይመዘገብም።

የሬስቶራንቱን ዓመታትም ዛሬውኑ ይመርምሩ። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ አካውንት ከፍተው የየዓመቱን ገቢ ከደብሊው-2 (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝና የታክስ መግለጫ) ወረቀቶችዎ ጋር ያነጻጽሩ። በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደው ችግር ስም ነው፦ ካርዱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሆኖ ሳለ አሠሪው የአባትን ስም መጨረሻ አድርጎ ይጽፋል፣ ወይም አንድ ፊደል ይለያል፤ ገንዘቡም ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ደብሊው-2 በእጅዎ ካለ በኤስኤስኤ-7008 ቅጽ እንዲታረም ይጠይቁ። ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ከጊዜ ገደቡ በኋላም የሚታረምበት ሁኔታ አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 40 ክሬዲት በሩን ይከፍታል እንጂ መጠኑን አይወስንም። መጠኑ የሚሰላው በ35 ዓመት አማካይ ነው፤ ያልሠሩበት ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። በሆቴሉ ዓመታዊ ገቢዎ 39,520 ዶላር ነው። የቀድሞውን ትተን፣ የደመወዝ ጭማሪ ሳናስብ፣ እስከ 67 ዓመትዎ 13 ዓመት ቢሠሩ ድምሩ ለ420 ወር (ለ35 ዓመት) ተካፍሎ 1,223 ይሆናል፤ በ2025 ቀመር ከዚህ 90 በመቶው፣ ማለትም 1,100 ዶላር ገደማ በወር ይከፈልዎታል። በ62 ቢወጡ ግን ስምንት ዓመቱ 677 ያወጣል፤ ቀድመው ስለወጡም በ30 በመቶ ተቀንሶ 474 ይቀራል። በ62 ለመውጣት አይቸኩሉ።

የ22 ዓመቱ የመምህርነት አገልግሎት ወደ አሜሪካ ክሬዲት አይዞርም፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የጡረታ ዘመን ማጣመሪያ ስምምነት የላትም። ጣሊያን፣ ጀርመንና ስዊድን ግን አላቸው፤ እዚያ ሠርቶ የመጣ ሰው በ6 የአሜሪካ ክሬዲት እንኳ ማጣመር ይችላል። ከኢትዮጵያ የሚያገኙት ጡረታ ቢኖር ድሮ የአሜሪካውን ሊያስቀንስ ይችል ነበር፤ ያ ሕግ በጥር 2025 በተፈረመ አዋጅ ተሽሯል። ስለዚህ ያንን ገቢ ለመደበቅ ምንም ምክንያት የለም።

ዜግነት ለጡረታው ግዴታ አይደለም፤ በሕጋዊ መንገድ መኖር ይበቃል። የባልና የሚስት ክሬዲት ግን አይደመርም፤ ባለቤትዎ የራሳቸው ባይኖራቸው በእርስዎ መዝገብ እስከ ግማሹ ሊያገኙ ይችላሉ።

40ው ክሬዲት በ65 ዓመት የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) የሆስፒታል ክፍልንም ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያስገኛል። በ2025 ከ30 በታች ክሬዲት ያለው ገዝቶ ሲገባ በወር 518 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ከ30 እስከ 39 ያለው 285።

በጡረታ ዘመንዎ አገር ቤት መኖር ካሰቡ ዜግነቱን አስቀድመው ይውሰዱ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ 6 ተከታታይ ወር ሲቆይ ክፍያው ሊቆምበት ይችላል፤ የአሜሪካ ዜጋ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦም ይከፈለዋል። ሜዲኬር በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ስለማይከፍል፣ የሕክምናውን ወጪ ለብቻው ያስቡበት።