አሳምሬ እፈትለው ነበር

ውድ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። 29 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምሬ ተመልሼ እዚሁ እሠራለሁ። የምሠራው ኮንሴፕችዋል አርት የሚባለውን ነው። ሸራ ወጥሬ ቀለም አልቀባም። ሐሳቡ ይቀድማል፤ ከዚያ ሐሳቡ የሚጠይቀውን ዕቃ እፈልጋለሁ። አባቴ ይሄን ሥራ ብሎ መጥራት ይቸግረዋል። «አፈወርቅ ተክሌም የአንኮበር ልጅ ነው፤ የሱ ግን ይታያል» ይለኛል። እሱን ለምጄዋለሁ። የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። እህቷ፣ እኔ እታለም የምላት፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ትኖራለች። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እሷ ጋ ነበር የማሳልፈው። ማታ ማታ የእንዝርቷን ድምፅ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። መንዝ ብርዱ ሌላ ነው። በጉ ጠጉራም ነው። ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለው ካባ ይወጣል። አሁን ግን ገበያው በርካሽ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ተሞልቷል። ባለፈው ዓመት እታለምና ባሏ አንድ ባና ይዘው ገበያ ወጡ። በተጠራላቸው ዋጋ አዝነው መልሰው ይዘውት ገቡ። በሳምንቱ በዚያው ዋጋ ሸጡት። ያ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ አንድ ሥራ ጀመርኩ። እታለምና አራት ጎረቤቶቿ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ባና የሚበቃ ክር እንዲፈትሉልኝ ጠየቅኳቸው። የበጉን ጠጉር እኔ ገዛሁ፤ የቀናቸውንም ከፈልኩ። ከፋሲካ ማግስት ጀምረው ሰኔ ሲገባ ጨረሱ። ክሩን ሳይሸመን አዲስ አበባ ወስጄ በአንድ የማሳያ አዳራሽ ከጣሪያ እስከ ወለል አንጠለጠልኩት። ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ቡናማውን። ከሥሩ አንድ ባና ገበያ ላይ የሚያወጣውን ዋጋ በትንሽ ወረቀት ጽፌ አኖርኩ። ርዕሱን «ስንት ይሆናል?» አልኩት። ግድግዳው ላይ ከስሜ ቀጥሎ «ክሩን የፈተሉት አምስት የመንዝ ሴቶች ናቸው» ተብሎ ተጻፈ። ስማቸውን ያልጻፍኩት ለክብራቸው ብዬ ነው። ችግራቸው በስማቸው እንዳይወራ ብዬ።

ሰው ወደደው። እኔም እታለም ደስ ይበላት ብዬ በአውቶቡስ አስመጣኋት። ነጭ ለብሳ መጣች። ክሩ ፊት ቆማ እጇን ስትዘረጋ ጥበቃው «እማማ፣ አይነካም» አላት። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሰበሰበች። እኔ ሮጬ ደርሼ «ችግር የለውም፣ ንኪው» ብላት እምቢ አለች። በዓይኗ ብቻ እየተከተለች ዞረችው። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «ልጁ ታሞ ባደረ ሰሞን የፈተልኩት። እይው፣ አንዴ ወፍሮ አንዴ ቀጥኖ። እንዲያው አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚያየው መሆኑን ብትነግሪኝ ምን ነበር? አሳምሬ እፈትለው ነበር።»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብላ ስልኩን ለልጇ ትሰጣለች።

ጓደኞቼ «ጉርብጥብጡ እኮ ነው ውበቱ፤ ድካሟ የሚታየው እዚያ ላይ ነው» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አሁን ደግሞ ሥራው ውጭ አገር እንዲታይ ተጋብዣለሁ። ለአዳራሹ ሥራ ከተከፈለኝ የሚበልጥ ገንዘብ አለው። ጋባዦቹ እታለም ጭስ ባለበት ጎጆዋ ስትፈትል የሚያሳይ ቪዲዮ እንድጨምርም ይፈልጋሉ። ክሩ በአንድ ወር ውስጥ በሳጥን ታሽጎ መሄድ አለበት።

ስለ ፍትሕ ብዬ የሠራሁት ሥራ አክስቴን አሳፈራት። ልላከው ወይስ ልተወው?

ከደብረ ብርሃን

•

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አይነካም» የሚለው ላይ በደረስኩ ቁጥር ቆሜያለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሥራሽ ልንገርሽ። ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ ባና በስንት እጅ፣ በስንት ሌሊት እንደሚያልፍ ገዢው አያይም። አንቺ ክሩን ሳይሸመን አንጠልጥለሽ ያንን አሳየሽ። በዚህ የምትጠይቂው ይቅርታ የለም። እታለምም በዚህ የከፋት አይመስለኝም።

እስቲ የተናገረችውን እንደገና ስሚው። «ገንዘቡስ?» አላለችም። «ድህነታችንን ለሰው አሳየሽ» አላለችም። ያለችው «አሳምሬ እፈትለው ነበር» ነው። ይሄ የባለሙያ ቃል ነው። በእኛ አገር አንዲት ሴት «ባለሙያ» ከተባለች ትልቅ ነገር ተብላለች። ወጧ ይቀመሳል፣ ክሯ በጣት ይዳሰሳል፣ ጎረቤት ይፈርዳል። እታለም ዕድሜዋን ሙሉ በክሯ ስትመዘን የኖረች ሴት ናት። ክሩ ባና ቢሆን ኖሮ ያ ጉብጠት በድርና ማጉ መሀል ይዋጥ ነበር። እሷም ይሄን አውቃ ነው የታመመ ልጇን እያስታመመች እንደዚያ የፈተለችው። አንቺ ግን የምታፍርበትን መርጠሽ፣ ብዙ ሰው በሚያየው ቦታ፣ ሳትነግሪያት ሰቀልሽው። ክፋት አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሆነ።

ጓደኞችሽ «ውበቱ እሱ ነው» ያሉት ገብቶኛል። ውበት የሆነላቸው ግን የራሳቸው እጅ ሥራ ስላልሆነ ነው። አንቺ በጨነቀሽ ሰሞን የጀመርሽውን፣ ገና ያልጨረስሽውን ሥራ አንድ ሰው ሳይነግርሽ አውጥቶ ቢሰቅለው ምን ትያለሽ? «ድካምሽ እንዲታይ ብዬ ነው» ቢልሽ ቁጣሽ ይበርዳል?

የተማርሽው ነገር ስሙ «ጥበብ» ነው። ቀሚስ ጠርዝ ላይ ሸማኔ የሚያወጣውም ጥበብ ይባላል። በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ሲሰደቡበት የኖረው «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከ«ጠቢብ» ነው። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠራ የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ ስለ ደሞዝ አልነበረም። ሠሪው በሥራው እንዳይናቅ ነው። ይሄን የማነሳልሽ፣ በእጅ የሚሠራ ሰው ላይ የሚደርሰው በደል የዋጋ ብቻ እንዳልሆነ እንድታዪው ብዬ ነው። አንቺ የእታለምን ጉልበት ቆጠርሽላት። ሙያዋን ግን ሳታዪው አለፍሽ። «አምስት የመንዝ ሴቶች» ብለሽ ስትጽፊም እንዲሁ ነው ያደረግሽው። ስሟን መደበቅ ክብር ነው ብለሽ የወሰንሽው አንቺ ነሽ። እሷ አልተጠየቀችም።

በአንቺ መስክ ከአንቺ በፊት እዚህ መንታ መንገድ ላይ የቆሙ አሉ። ጣሊያናዊው አሊጊዬሮ ቦየቲ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የዓለምን ካርታ በአፍጋኒስታን ሴቶች ያስጠልፍ ነበር። ንድፉን እሱ ይልካል፣ ሴቶቹ ይጠልፋሉ። አንድ ቀን ውቅያኖሱ በሮዝ ክር የተጠለፈ ካርታ መጣለት። ሴቶቹ ባሕር ሰማያዊ ነው የሚል ልማድ አልነበራቸውም፤ ያላቸውን ክር ተጠቀሙ። ቦየቲ ፍቱት አላለም። ወደደው፤ ከዚያ በኋላም የባሕሩን ቀለም ለእነሱ ተወላቸው። እዚያ ላይ የሴቶቹ ዓይን ሥራው ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ የሱን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ ካርታዎቹን ከጠለፉት ሴቶች ስንቱን በስም እናውቃለን? ይሄ እኔን አሁንም ይከነክነኛል።

ሌላዋ አሜሪካዊቷ ሚርል ላደርማን ዩክሊስ ናት። እናት ከሆነች በኋላ ቀኗ በማጠብና በማጽዳት አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1969 ማጽዳትና መንከባከብም ጥበብ ነው ብላ ጻፈች። ቆይታ በኒውዮርክ ከተማ ቆሻሻ የሚያነሱትን 8500 ሠራተኞች ከ1979 እስከ 1980 በየሥራ ቦታቸው እየዞረች እያንዳንዳቸውን ጨበጠች። «ኒውዮርክን በሕይወት ስላቆያችሁ አመሰግናለሁ» ትላቸው ነበር። እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ የቀጠለው ነው። ሠራተኞቹ ሰው ምን እያለ እንደሚሰድባቸው ነገሯት። እሷም በ1984 ስድቦቹን መስታወት ላይ ጽፋ ሰው መጥቶ እንዲያጥባቸው አደረገች። ያ ሐሳብ ቤቷ ተቀምጣ የመጣላት አይደለም። እጃቸውን ይዛ ስለሰማቻቸው የተገኘ ነው።

ስለዚህ ልላከው ወይስ ልተወው ላልሽኝ፣ መልሱን ከኔ አትጠብቂ። መሐል ሜዳ ሂጂ። ለጋባዦቹ ከመመለስሽ በፊት።

ክሩን ይዘሽ ሂጂ። ንጹሕ ነገር አንጥፈሽ ዘርጊውና አምስቱም በእጃቸው ይዳስሱት። የግብዣውን ደብዳቤ ቃል በቃል አንብቢላቸው። ገንዘቡንም ወደ ብር አዙረሽ ስንት እንደሆነ ንገሪያቸው። ያለፈውንም ጭምር። የቀን ሂሳብ ከፍለሻል፣ እሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የቀን ሂሳብ የተከፈላቸው ለክር ነው፤ ክሩ ሌላ ነገር ሆኖ ሌላ ገንዘብ አምጥቷል። ድርሻው ይህን ያህል ይሁን ብዬ ከዚህ ሆኜ ልወስንልሽ አልችልም። አንቺም ብቻሽን አትወስኚ። ጓሳን ታውቂያለሽ። መንዞች ያንን የሣር ምድር በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ማን ድርሻ እንዳለው፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት አስቀድመው እየተስማሙ ነው። አብሮ ያለውን ነገር መደልደል አንቺ ለእታለም የምታስተምሪያት አይደለም።

ስም ይጻፍ አይጻፍ እያንዳንዷን ጠይቂ። አንዷ ይጻፍ፣ አንዷ ይቅር ልትል ትችላለች። እንደዚያው አድርጊ። ሶል ለዊት የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ የግድግዳ ንድፎቹን ሐሳብ እሱ ያወጣ ነበር፣ መስመሩን ሌሎች ይሥሉ ነበር። የሣሉት ሰዎች ስም ግን ከሥራው ጎን ይመዘገባል። ሐሳብ ይቀድማል ብለሽ የምታምኚ ከሆነ፣ ሐሳብን ከሁሉ ያስቀደመው ሰው እንኳ የሠሪውን ስም አልተወም።

አሁን ከባዱ። እታለም ያንን ጎርበጥባጣ ክር አውጪው ካለች አውጪው። ሥራው አንድ ነገር ያጣል፤ አውቃለሁ፣ አንቺም ያምሻል። ቢሆንም ክሩ የሷ ሙያ ነው። ምናልባት ራሷ ሌላ ትፈትልልሽ ይሆናል። ምናልባት እውነቱን ስትነግሪያት «ተዪው፣ ይታይ» ትል ይሆናል። ግን ይሄንንም ለሥራው እንደ አዲስ ሐሳብ ይዘሽ አትሂጂ። የተባለውን ለመቀበል ሂጂ። አምስቱም አይሄድም ካሉ፣ አይሄድም።

ቪዲዮውን በተመለከተ እኔ አልወደድኩትም። ጭሱን የፈለጉት ጋባዦቹ ናቸው። እታለም መቀረጽ ከፈለገች የት፣ ምን ለብሳ፣ ምን እየሠራች እንደሆነ እሷ ትናገር። ጥምቀት ለብሳ በምትወጣው ልብስ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀች መፍተል ትፈልግ ይሆናል። መቀረጽ ካልፈለገች የሚጨመር ቪዲዮ የለም ብለሽ ጻፊላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ። መጀመሪያ ስትገቢ ስለ ግብዣው አታውሪ። ልጁ ዳነ ወይ ብለሽ ጠይቂ። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ልጁ አልነገርሽኝም። ከዚያ ጥበቃው «አይነካም» ሲላት አጠገቧ ስላልነበርሽ ይቅርታ ጠይቂያት። ሌላው ወሬ ቡናው ሲፈላ ይደርሳል።

ካሜራሽን ደብረ ብርሃን ተይው። እታለም የቱን ክር እንዳስቀረችና የቱን እንዳወጣች ግን ጻፊልኝ።