በርሜሉ ላይ የተመታ ስም

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽ ከማድሪድ ደርሶኛል። የታሪክ ዲግሪሽን ይዘሽ በአንድ የቆዩ ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ ዕቃ እያጸዳሽና እያሸግሽ ትሠሪያለሽ። የድሮ የስፔን ባለ ባልጩት ሽጉጦችን ማን እንደ ሠራቸው መለየት ሙያሽ እንዲሆን ትመኛለሽ። በአንድ በርሜል ላይ «ኒኮላስ ቢስ» የሚል በወርቅ የተሞላ ማኅተም አይተሽ ለሱቁ ባለቤት ብትነግሪው ሳቀብሽ። አጎትሽ ደግሞ ይህን ትተሽ ሙሉ ቀን አረጋውያንን እንድትንከባከቢ ይወተውቱሻል።

ሰውየው በሠራተኛው መሳቁ ነውር ነው፤ የሳቀበት ምክንያት ግን እውነት አለው። ቢስ ለስፔን ነገሥታት ጠመንጃ ይሠራ የነበረና በ1726 እ.ኤ.አ. የሞተ ሰው ነው። ከአሮጌ የፈረስ ጫማ ብረት የሚቀጠቀጠው የማድሪድ በርሜል በአውሮፓ እጅግ ስለሚፈለግ፣ በቤልጂየም የምትገኘውን የሊዬዥ ከተማ ሰዎች ጨምሮ ሌሎች ሠሪዎች የማድሪዶችን ስም እየመቱ ሸጠዋል። እውነተኛው በርሜልም ቢሆን ከሰደፉ ተነቅሎ በሌላ አገር መሣሪያ ላይ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ ስም ማንበብ ሥራውን መጀመር እንጂ መጨረስ አይደለም።

ወደ መተኮሻው ተመልከቺ። ሞላው ከውጭ ተቀምጦ ባልጩት የነከሰውን መምቻ ከተረከዙ ወደ ላይ የሚገፋው ከሆነ የስፔን ዓይነት ነው። የመምቻውን የፊት ጫፍ፣ ማለትም ጣቱን፣ ወደ ታች የሚጫነው ከሆነ ደግሞ ዓይንሽን ወደ ጣልያን መልሺ። ቀጥሎ ጌጡን እዪ። እንጨቱ እስከማይታይ ድረስ በተቀረጸ የነሐስ ወይም የብረት ቆርቆሮ የተለበጠ፣ የእጀታው ጫፍ የተድቦለቦለ፣ ከጎኑም ቀበቶ ላይ የሚሰካበት ማንጠልጠያ ያለው ሽጉጥ ከሆነ የካታሎኒያዋን ሪፖል አስቢ። የዚያች ከተማ የጠመንጃ ሥራ በ1839 እ.ኤ.አ. በካርሊስቶች ጦርነት፣ ማለትም በስፔን የዙፋን ይገባኛል የእርስ በርስ ጦርነት፣ ወድሟል። ማኅተሞችን ለማነጻጸር፣ ራሱ የንጉሥ ጠመንጃ ሠሪ የነበረው ኢሲድሮ ሶለር በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ማድሪድ ጠመንጃ ሠሪዎች ያሳተመው መጽሐፍ የማኅተሞቹን ሥዕል ይዟል። እሱንም ቢሆን አስመሳዮች ሊያነቡት እንደሚችሉ አትርሺ።

«በሥነ ጥበብ ታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ወይ?» ላልሽው መልሴ አትጀምሪ ነው። ወደ ምክር ሥራ ሳልገባ የሙዚየም መጋዘን መዝጋቢ ነበርኩ፤ ስለ አንድ ዕቃ ሰዓት ሙሉ መናገር የሚችሉ ምሁራን አሮጌ ዝገትን ከአዲስ መለየት ሲያቅታቸው አይቻለሁ። አንቺ የሚያስፈልግሽ እጅ ነው። እዚያው ማድሪድ የመንግሥት የቅርስ ጥበቃና እድሳት ከፍተኛ ትምህርት ቤት አለ። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፣ የመግቢያ ፈተናም አለው። ለብረት ሥራ የሚቀርብሽ የአርኪዮሎጂ ዕቃዎች ዘርፉ ነው። በስፔን ሽጉጥ ብቻ እንጀራ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ ብረትን መጠገን የሚያውቅ ግን መስቀልም፣ ጎራዴም፣ ቁልፍም ይመጣለታል።

እስከዚያው ከሱቁ አትውጪ። ባለቤቱን «ምኑን አይተህ ነው ቢስ አለመሆኑን ያወቅኸው?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ጻፊው። ከሰደፉ የተፈታ በርሜል በእጅሽ በገባ ቁጥር ሆዱን ፎቶ አንሺ፤ ከእንጨቱ ጋር የሚገጥመውን ያንን ጎን ገዢ አያየውም፣ ሠሪዎች ግን ምልክት ይተዉበታል።

ስለ አጎትሽ በግልጽ ልናገር። የሚያስጨንቃቸው የአንቺ ሙያ ሳይሆን በየወሩ የምትልኪው ገንዘብ ነው። የወንድሞችሽን የትምህርት ቤት ክፍያ መርዳት ደግ ነገር ነው፤ የራስሽን ትምህርት ሸጠሽ መርዳት ግን ማንም የመጠየቅ መብት የለውም። የምትልኪውን መጠን ቁረጪ፣ ስልክ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ በኋላ አትደራደሪ። ተንከባካቢነቱን ቅዳሜና እሁድ ብትሠሪው አይከፋም።

ካታላንኛ ማንበብ ልማር ወይ ብለሻል፤ ለሪፖል ስትይ ተማሪ። ባጠራቀምሽው ገንዘብ ሽጉጥ ገዝተሽ አሜሪካ መሸጡን ግን ተዪው። ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ዕቃ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከስፔን አይወጣም።