ትራሱ ይውጣ

ጤና ይስጥልኝ። የ64 ዓመት ሴት ነኝ። ቀኝ ጉልበቴን በቀዶ ጥገና ካስቀየርኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። ለዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ የድሮው ሕመም ጠፍቷል፣ እሱን አልክድም። ግን መራመዱ እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። እግሬ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፣ ትንሽ እንደታጠፈ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ አነክሳለሁ። ደረጃ ሳይ ልቤ ይርዳል። ልጄ ደግሞ ውኃ እንኳ ተነስቼ እንድቀዳ አትፈቅድልኝም፤ ገና ከወንበሩ ልነሳ ስል «እማዬ ተቀመጪ!» ነው። ማታ ማታ ጉልበቴ እንዲያርፍ ከሥሩ ትራስ ታደርግልኛለች። እውነቱን ልናገር፣ ትራሱ ይመቸኛል። እኔ በታከምኩበት ሰሞን የታከመች ሴት በወሯ ያለ ከዘራ ስትሄድ አይቼ ግን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። እንቁላሉ እኮ ቀድሞኝ ሄደ! ደግሞ ጉልበቴ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከጠባሳው ጎን ያለው ቆዳም ደንዝዟል። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

*

እናቴ፣ መጀመሪያ ትራሱን ያውጡት። ዛሬውኑ።

የሚመችዎት ያበጠ ጉልበት ትንሽ ጎበጥ ሲል ቀለል ስለሚለው ነው። ግን ሌሊቱን ሙሉ ታጥፎ ካደረ ከኋላ ያለው ጅማት እዚያው ላይ እያጠረ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው «ስንት ዲግሪ ታጠፈ?» እያለ ነው፤ ተዘረጋ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ በየእርምጃው የጭንን ጡንቻ ያደክማል፣ ማንከስዎም ከዚሁ ይመስለኛል። ፎጣ ጠቅልለው ከቁርጭምጭሚትዎ ሥር ያድርጉ። ጉልበቱ ከሥሩ ምንም ሳይኖር በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። ከዚያ የጭንዎን ጡንቻ ጠበቅ አድርገው የጉልበቱን ጀርባ ወደ አልጋው ይጫኑ፣ 5 ሰከንድ ቆይተው ይልቀቁ፣ ይድገሙት። በቀን ሦስት አራቴ። ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ አልዋሽዎትም። ሐኪም ያዘዘልዎት ማስታገሻ ካለ ሰዓቱን ከእንቅስቃሴው በፊት እንዲውል ያመቻቹት፤ ሲጨርሱ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያድርጉበት።

መታጠፉም አይረሳ። ሜዳ ላይ ለመራመድ 70 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ለደረጃና ከወንበር ለመነሳት ግን 90ና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ሲነሱ ራስዎን ይታዘቡ፦ ቀኝ እግርዎን ወደ ፊት ወርወር አድርገው በግራው ብቻ አይነሱም? ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ የተቀየረው እግርም ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ከፍ ካለ ወንበር ይጀምሩና ሁለቱንም እግር እኩል አድርገው ይነሱ።

ደረጃውን ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተቀየረው። ከዘራውን በግራ እጅዎ ይያዙ። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፣ ስህተት ነው።

ቀጭ ቀጭ የሚለው የአዲሱ ጉልበትዎ ብረትና ፕላስቲክ ሲነካኩ ነው፤ ሕመም ከሌለው ይተዉት። ድንዛዜውም ቢላው ትንንሽ የቆዳ ነርቮችን ስለሚቆርጥ ነው፤ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፣ የተወሰነው ቢቀርም አይጎዳዎትም። እብጠቱ ወራት ይፈጃል፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ የራስዎ እስኪመስል ደግሞ ዓመት ሊሞላው ይችላል። ያችን ሴትዮ ይተዉአት፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ጉልበቷ እንዴት እንደነበረ አያውቁም።

አንድ ነገር ግን አያቆዩ። አለመዘረጋቱን ለቀዶ ሐኪሙና ለፊዚዮቴራፒስቱ በዚህ ሳምንት ይንገሩ፤ የደረቀ ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው በቀላሉ የሚፈታው። ባትዎ አብጦ ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣም አይደር።

ውኃውን እርስዎ ይቅዱ። ልጅዎ መርዳት ከፈለገች ደረጃ ሲወርዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ከፊትዎ ትቁም። ይችን መልስ ያስነብቧት፤ ከተቆጣችም እኔን ትቆጣ።