ማሽኑ ያየውን ማን ያርመዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ልጄ ከመከላከያ ጋር ውል ባለው አንድ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ድሮኖች የሚቀርጹትን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት በመለየት ሥራ እንዲሰማራ ተጠይቋል። እናቱ «ሰው የሚገድል ማሽን ሊሠራ ነው» ብላ እንቅልፍ አጥታለች፤ እሱ ደግሞ «ሥራው ምስል መለየት ብቻ ነው» ይላል። ማንን ልመን? ለዚህ የሚወጣው ገንዘብስ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ አልዋሸም፤ «ብቻ» ያላት ቃል ግን አልዋጥ ብላናለች። በዚህ መስክ ስሙ ከሁሉ የገነነው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) ፕሮጀክት ሜቨን ስለሆነ በእርሱ እናስረዳ። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 በምክትል መከላከያ ሚኒስትሩ በሮበርት ወርክ ፊርማ ሲቋቋም፣ ድሮኖች የሚልኩት ቪዲዮ ተንታኞች ተቀምጠው ሊያዩት ከሚችሉት በላይ በዝቶ ነበር። የተንታኙ ሥራ ምስር እንደ መልቀም ነው፤ አንድ ግቢና አንድ አቧራማ መንገድ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ለሰዓታት አፍጥጦ፣ ፒክአፕ መኪና ሲቆምና ሰው ሲወርድ እየተከታተለ ይመዘግባል። ዓይን ሲደክም ጠጠሩ ያልፋል።

ማሽኑ እንዲያግዝ ግን አስቀድሞ ሰው ሊያስተምረው ይገባል። ሠራተኞች ቪዲዮውን እያቆሙ በእያንዳንዱ መኪና፣ ሰውና ሕንፃ ዙሪያ አራት ማዕዘን ይስላሉ፤ ምን እንደሆነም ይጽፉበታል። ሜቨን ሲጀመር 38 ዓይነት ነገሮችን እንዲለይ ታቅዶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይም በአይሲስ ላይ በሚካሄደው ዘመቻ ሥራ ላይ ዋለ። ማሽኑ የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ስለሆነ መልክዓ ምድሩና የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ይደነብራል። ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት በ2024 እንደዘገበው፣ የአሜሪካ ጦር 18ኛ አየር ወለድ ኮር ወታደሮች ታንክን 84 በመቶ ያህል በትክክል ሲለዩ ሜቨን ወደ 60 በመቶ ይጠጋ ነበር፤ በረዶ በሚጥልበት ጊዜ ደግሞ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል።

ገንዘቡ ከግብር የሚሰበሰብ ነው፤ ከእርስዎም ደመወዝ የሚቆረጠው ይገኝበታል። ኮንግረስ በየዓመቱ በጀቱን ያጸድቃል፣ ፔንታጎን ደግሞ በውል ለግል ኩባንያዎች ያከፋፍለዋል። በሜቨን ላይ ውል ከነበራቸው ኩባንያዎች አንዱ ጎግል ነበር፤ በ2018 ከ3,000 በላይ ሠራተኞቹ ተቃውሟቸውን በፊርማ ገልጸው ኩባንያው ውሉን እንደማያድስ ቢያስታውቅም ፕሮጀክቱ አልቆመም፤ ሥራው ወደ ሌሎች ተሻገረ። በሜይ 2024 ፓላንቲር የተባለው ኩባንያ ለሜቨን የ480 ሚሊዮን ዶላር ውል አገኘ፤ ከዓመት በኋላ የውሉ ጣሪያ ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍ ተደረገ። (ጎግልም ቢሆን መሣሪያ ላይ አልሠራም ያለበትን የ2018 ቃሉን በፌብሩዋሪ 2025 ከመመሪያው አውጥቶታል።)

ወደ እናቱ ስጋት እንምጣ። ሜቨን ራሱ ሚሳይል አይተኩስም፤ የፔንታጎን መመሪያም ኃይል በመጠቀም ረገድ ተገቢ የሆነ የሰው ውሳኔ እንዲኖር ያዛል። ይሁን እንጂ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2024 አሜሪካ በኢራቅና በሶርያ ከ85 በላይ ዒላማዎችን ስትመታ፣ ዒላማ በማፈላለጉ ሥራ ይህ ምስል ለዪ ማሽን ማገዙን በመካከለኛው ምሥራቅ የአሜሪካን ጦር የሚመራው የማዕከላዊ እዝ ባለሥልጣን ተናግረዋል። ስለዚህ በስክሪን ላይ የተሳለችው አራት ማዕዘን መጨረሻዋ የት እንደሆነ እናት ከልጇ ይልቅ አሻግራ አይታለች ብንል አንሳሳትም። ልጅዎ አሠሪዎቹን ይጠይቅ፤ ማሽኑ ስቶ ሲገኝ የሚያርመው ማን ነው? ለማረምስ ስንት ደቂቃ ይሰጠዋል? ሙከራው በየትኛው አገር መልክዓ ምድርና በየትኛው ወቅት ተደረገ?

አንድ ነገር እንጨምር። ይህን መሰል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የምስጢር ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን ለማግኘትም በአጠቃላይ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። የፈቃዱ ማመልከቻ ቅጽ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶችንና የተደረጉ ጉዞዎችን ስለሚጠይቅ፣ አዲስ አበባ ያለችውን አክስትና ያለፈው ዓመት የገና ጉዞ ሳይቀር በትክክል ይጻፍ፤ ዘመድ ከመኖሩ ይልቅ መደበቁ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ፈቃዱ ከተሰጠው በኋላ የሥራውን ዝርዝር ቤት ውስጥ ማውራት ስለማይችል፣ ከእናቱ ጋር የሚነጋገረውን ሳይፈርም ይነጋገር።