«ስልክ ላይ ነጋብኝ» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ፈተና ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ስለ ፍቅር የሚጠይቀው ይቀንስና ስለ ስልክና ስለ ብር የሚጠይቀው ይበዛል። የዚህኛው ዙር ሁሉም ከሐዋሳ ነው። ከይርጋለም የጻፉልኝ አንድ አባት አሉ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ሐዋሳ ልጅ የሚያስተምሩ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ዋናው ግቢ። ርካሽ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል እገዛለሁ። «አንድ ቪዲዮ አይቼ እተኛለሁ» እልና ስልክ ላይ ይነጋብኛል። ጠዋት ክላስ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ቲክቶክን ደጋግሜ ሰርዤ መልሼ ጭኜዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መሰረዙን ተወው፣ ነገም መልሰህ ትጭነዋለህ። ደግሞ ነገሩ ያንተ ስንፍና ብቻ አይደለም። ድሮ ገጽ መጨረሻ ነበረው፤ ታች ስትደርስ «ቀጣይ» የሚለውን መንካት ነበረብህ፣ እዚያች ላይ «በቃኝ» ለማለት ፋታ ታገኛለህ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ያቺን መቆሚያ የሚያስቀር አሠራር ፈጠረ፣ ገጹ ወደ ታች በሳብከው ቁጥር ራሱ ይጨምርልሃል። ሰውየው ኋላ ላይ በአደባባይ ተጸጽቷል፣ ላንተ ግን አልደረሰልህም። ቲክቶክ ደግሞ ላይክ ባታደርግም የትኛው ቪዲዮ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየህ እያየ የሚቀጥለውን ይመርጥልሃል። ከዚህ ጋር ሌሊት አልጋህ ውስጥ ሆነህ በወኔ ብቻ ታግለህ አታሸንፍም።

ስለዚህ ጥቅሉን ቀይር። የሌሊቱን ትተህ ትንሽ የቀን ጥቅል ግዛ፣ ሲያልቅ አለቀ ነው። ስልኩ ደግሞ ከራስጌህ ይራቅ፣ በሩ ጋ ያለው ሶኬት ላይ ይደር። ይሰረቃል ካልክ ሎከርህ ውስጥ ቆልፍበት። ለማንቂያ ባትሪ የምታበራዋ ትንሿ ስልክ ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ዶርማችን ውስጥ አንዷ ኦሪጅናል ካልሆነ አትለብስም፣ ቶሚ ምናምን። ሌሎቹም እየተከተሏት ነው። የኔ ልብስ ሰልባጅ ነው። ሐይቅ ዳር ፎቶ ልንነሳ ስንወጣ የሚያፍሩብኝ ስለሚመስለኝ ሰበብ እየፈጠርኩ መቅረት ጀምሬያለሁ። ነን ካፌ ሆኜ፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ትቼ የምግቡን ብር በእጄ ተቀብዬ፣ ለልብስ ላውለው አስቤያለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እህቴ፣ ከሆድሽ አትቀንሺ። የካፌው ወጥ ቢሰለችም ሰዓቱን ጠብቆ ይቀርባል። የነን ካፌ ብር ግን ውጭ እየበላሽበት ወሩን ካደረሰሽ ራሱ ተመስገን ነው፣ እንኳን ልብስ ሊተርፈው።

ስለ ቶሚው ደግሞ፣ ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ በዚህ ብራንድ መሸማቀቅ ትንሽ ያስቃል። የኢንዱስትሪ ፓርካችን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገቡት ኩባንያዎች ዋናው የአሜሪካው ፒቪኤች ነበር፣ የቶሚ ሂልፊገርና የካልቪን ክላይን ባለቤት። ሸሚዙ የሚሰፋው እዚሁ፣ ከግቢሽ ባጃጅ ይዘሽ በምትደርሺበት ቦታ ነበር። የምትሰፋውም ያንቺው እኩያ ናት፣ ከገጠር መጥታ አንዲት ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተጋርታ የምትኖር። በ2011 ዓ.ም. አካባቢ የመነሻ ደሞዟ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፣ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለው አንዱ ሸሚዝ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ፒቪኤች ለቆ ሄደ፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያም ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል ታገደች፣ ብዙ ልጆች ሥራ አጡ። ይህን የምነግርሽ ጓደኛሽን እንድታሳፍሪበት አይደለም። የምትከፍለው ለጨርቁ ሳይሆን ለስሙ መሆኑን እንድታውቂው ነው።

ደግሞ ማን ነው ኦሪጅናል ለባሹ? ፒያሳ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ኮፒው ስንት እንደሆነ ሻጩ ያውቃል። ሰልባጅ ክምር ውስጥ ግን እውነተኛው ብራንድ አዘውትሮ ይገኛል፣ ፈረንጅ ለብሶት የጣለው ነዋ። አንገቱ ላይ ባለው ምልክት አትሸወጂ። ልብሱን ገልብጪና በጎን ስፌቱ በኩል ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጊ። የተሠራበት አገርና የጨርቁ ዓይነት አዘውትሮ እዚያ ይጻፋል። ኮፒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወይ የለችም ወይ ፊደሏ የተሳሳተ ነው። ይህን ስትችዪ ዶርሙ በሙሉ ገበያ ይዘሽን ውጪ ማለቱ አይቀርም።

ሐይቅ ዳር ግን ሂጂ። «ያፍሩብኛል መሰለኝ» ነው ያልሽኝ፣ አፈርንብሽ ያለሽ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ከቴሌግራም ቻናል ጫማ አዝዤ ግማሹን ቀድሜ በቴሌብር ከፈልኩ። ሲመጣ ሶሉ ተገንጥሏል። ሳናግራቸው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ብሎክ አደረጉኝ።

መልስ፦ «አይመለስም» ስላሉ አይመለስም ማለት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ችግሩ ሱቅም ደረሰኝም የሌለውን ሰው የት ታገኘዋለህ ነው። በእጅህ ያለውን ያዝ፤ የቻቱን ስክሪንሾት፣ የጫማውን ፎቶ፣ የተቀባዩ ስም ያለበትን የቴሌብር መልእክት። እነሱን ይዘህ ንግድ ቢሮ ሂድ፣ ማጭበርበር መሆኑ ከለየለት ደግሞ ፖሊስ። በግልጽ ልንገርህ፣ ብሩን የማግኘትህ ነገር ያጠራጥራል። ለሌላ ጊዜ ዕቃውን በዓይንህ አይተህ፣ በእጅህ አገላብጠህ ክፈል። ይህን አልቀበልም የሚል ሻጭ ካለ ጫማውን ራሱ ያድርገው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ይመረቃል፣ ተመስገን። ግን ጂሲ ነው፣ የተመራቂዎች ዝግጅት ነው እያለ በየሳምንቱ ብር ያስልከኛል። ዛሬ ቲሸርት፣ ነገ ሱፍ፣ ፎቶ፣ መጽሔት፣ ደግሞ የቀለም ቀን የሚባል አለ። ቡና የሸጥኩበትን ጨረስኩት። እናቱ «ከጓደኞቹ በታች አታድርገው» ትለኛለች። የትኛው ነው የምር የሚያስፈልገው?

መልስ፦ አባቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። የቀለም ቀን ማለት አዲስ ነጭ ቲሸርት ገዝተው ቀለም የሚረጫጩበት ቀን ነው። አዎ፣ ገዝተው ያበላሹታል። ልጆቹ ግን ክፉ ሆነው አይደለም። እኛ የምንተያየው ከክፍላችን ልጆች ጋር ነበር፤ እነሱ የጎንደሩንም የጅማውንም ምርቃት በስልክ ያያሉ፣ የዘንድሮው ደግሞ ካምናው መብለጥ አለበት። ፎቶ አንሺውም ሱፍ ሰፊውም ይህን ስለሚያውቁ ዋጋ የሚሰቅሉት ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

እኔ ብሆን በየሳምንቱ አልክም። ያለዎትን ቆርጠው አንዴ ይላኩና «ያለኝ ይኸው ነው፣ አንተ አብቃቃው» ይበሉት። ጉድ ያዩታል፣ የራሱ ብር ሲሆን ለመጽሔቱ እንኳ ሁለቴ ያስባል። ሱፍ የግድ ከሆነ ለሥራ ቃለ መጠይቅም የሚለብሰው፣ ጨዋ ቀለም ያለው ይሁን። አንጸባራቂው ሱፍ ከፎቶው ቀን በኋላ የትም አያስገባውም። የኮስት ሼሪንግ፣ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት፣ ዕዳም ከፊቱ እንዳለ ያስታውሱት፣ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ነው የሚቆረጠው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም። ጂሲው ደምቆ፣ ሱፉ ተሰፍቶ፣ ዘመድ ተጠርቶ ውጤት ሲመጣ የተሸበሩ ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ በሚደውልልዎ ቁጥር ከቲሸርቱ በፊት ስለ ንባቡ ይጠይቁት። በጉንም ውጤቱ ሳይወጣ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ስክሪን እየነኩ የሚሰበስቡት አዲስ ኮይን መጥቷል። ሃምስተር ላይ ስለከሰርን ይኼኛው ይክሰናል እያሉ ነው። ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር። ሃምስተር ኮምባት መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ ሲከፍል ወራት ሙሉ ስክሪን ሲደበድብ የከረመው ብዙው ሰው ያገኘው ጥቂት ዶላር ነው። የጥቅል ብሩን ቀንስበትና ቀሪውን አስላው። ማስታወቂያ ያየንበት ሰዓት ለባለቤቶቹ ጥሩ ብር ነበር። አዲሱ ደግሞ «ለመጀመር ይህን ያህል አስገባ» የሚል ከሆነ ሳትውል ሳታድር ከግሩፑ ውጣ፣ የጋበዘህንም ልጅ አስወጣው።