ሲሊንደሩ ለምን አልወጣም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ሜካትሮኒክስ አስተምራለሁ፣ አሁን አዲስ ሞጁል አዘጋጅ ተብያለሁ። እስካሁን መካኒካሉን ለብቻ፣ ኤሌክትሪኩን ለብቻ፣ ፒኤልሲውን (ማሽኑን በፕሮግራም የሚያዘውን መቆጣጠሪያ) ለብቻ ነበር የምናስተምረው፣ ልጆቹ ፈተናውን ያልፋሉ ግን ማሽን ፊት ሲቆሙ ግራ ይገባቸዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ችግሩ ያለው ልጆቹ ጋ ሳይሆን የምዕራፎቹ አከፋፈል ላይ ነው። ሜካትሮኒክስ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓኑ ያስካዋ ኩባንያ መሐንዲስ ቴትሱሮ ሞሪ ሜካኒክስንና ኤሌክትሮኒክስን አጋጥሞ ነው የፈጠረው፣ እኛ ደግሞ መልሰን እንለያየዋለን።

እኔ ብሆን ሞጁሉን በሙሉ አንዲት ትንሽ ስቴሽን ላይ ነው የምሰራው። የአየር ሲሊንደር ዕቃ ገፍቶ ኮንቬየር ላይ ይጥላል፣ በቃ። አንድ ቫልቭ፣ ሁለት ሴንሰር፣ አንድ ፒኤልሲ፣ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ሶስቱም ትምህርት እዚች ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ልጆቹ ራሳቸው ገጥመው ያሰሯት፣ ከዛ ሳያዩ አንድ ነገር ያበላሹባቸውና ሲሊንደሩ ለምን አልወጣም ብለው ይጠይቋቸው። ብዙው ልጅ ወዲያው ላፕቶፕ ከፍቶ ፕሮግራሙን መነካካት ይጀምራል፣ ሞጁሉ ማስቀረት ያለበት ይሄንን ልማድ ነው። ሶሌኖይድ ቫልቩ (በኤሌክትሪክ ታዝዞ አየሩን ወደ ሲሊንደሩ የሚልከው) ላይ በእጅ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ አለች፣ እጃቸውን ከሲሊንደሩ መንገድ አርቀው እሷን ይጫኑ፣ ሲሊንደሩ ከወጣ አየሩም መካኒካሉም ደህና ነው፣ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ወይ ፕሮግራሙ ጋ ነው ማለት ነው። ካልወጣ ደግሞ ጌጁን ይዩ፣ 6 ባር አካባቢ መሆን የነበረበት ግፊት ወርዶ ወይ ቱቦ ታጥፎ ይሆናል። በአንዲት ጣት ፍለጋው በግማሽ ቀነሰ እኮ! ቀጥሎ መብራቶቹ፣ የሴንሰሩ በርቶ የፒኤልሲው ኢንፑት ካልበራ ወይ ሽቦ ተቋርጧል ወይ ፒኤንፒ (ሲበራ ፕላስ የሚያወጣ) በሚፈልግ ኢንፑት ላይ ኤንፒኤን (ሲበራ ማይነስ የሚያወጣ) ሴንሰር ታስሯል፣ እቺንም ብልሽት ሆን ብለው መስራት እንዳይረሱ፣ ስራ ላይ ሴንሰር ሲቀየር የምትመጣ ጣጣ ናት።

ኢመርጀንሲ ስቶፕ (የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ) ለምን በኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይጫኑት ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ፣ ሲጫኑት በሚያቋርጥ) እንደሚታሰር ደግሞ በወሬ ሳይሆን ሽቦውን ነቅለው ያሳዩአቸው፣ ማሽኑ ወዲያው ይቆማል። በኖርማሊ ኦፕን (ሲጫኑት ብቻ በሚያሳልፍ) ቢሆን ኖሮ ሽቦው መበጠሱ የሚታወቀው ሰው ደንግጦ ቁልፉን ሲመታና ማሽኑ አልቆም ሲል ነው።

ወረቀቱ ብዙ አይሁን፣ የአየሩና የኤሌክትሪኩ ስዕል፣ የኢንፑት አውትፑት ሰንጠረዥ፣ ከስሩ ምን አየሁ፣ ምን ጠረጠርኩ፣ በምን አረጋገጥኩ የሚል ባዶ ቦታ፣ ማርኩንም እዛ ላይ ይስጡ። ስቴሽኑ አንድ ብቻ ከሆነም ሌሎቹ ሲሙሌተር ላይ ፕሮግራም እየጻፉ ይጠብቁ፣ ግን እያንዳንዱ ልጅ ተራው ደርሶ ቫልቩን በጣቱ ሳይጫን ሞጁሉ አለቀ እንዳይሉ።