አንዱ ምኒልክ አራት ሆነው ሲቆጠሩ

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ አንድ አነስተኛ የቅርስ ስብስብ ውስጥ እሠራለሁ። ሁለት ሺህ የሚጠጉ ፎቶግራፎች፣ መስቀሎችና ብራናዎች በኤክሴል መዝግበን ወደ ኖሌጅ ግራፍ (ሰውን፣ ዕቃንና ክንውንን በግንኙነታቸው ወደሚያያይዝ የመረጃ መረብ) እያዛወርን ነው። ዳግማዊ ምኒልክን የሚመለከተውን ሁሉ ስንጠይቅ ግማሹ ይቀራል፤ ዓመተ ምሕረቱም ተዘበራርቋል። ከየት እናስተካክል? (መዝጋቢዋ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ስሞቹን ይያዙ። አንዱ መዝጋቢ «ምኒልክ»፣ ሌላው «ሚኒሊክ»፣ ሦስተኛው «አባ ዳኘው»፣ አራተኛው «ሣህለ ማርያም» ካለ ኮምፒውተሩ አራት ሰው ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መለያ ቁጥር ይስጡና ስሞቹን ሁሉ እሱ ላይ ያንጠልጥሉ። ማዕረግ ግን የስም አካል አይደለም፤ ተፈሪ መኮንን በ1909 ራስ፣ በ1921 ንጉሥ፣ በ1923 ንጉሠ ነገሥት ነበሩና ማዕረጉን ከነዘመኑ ለብቻው ያስቀምጡ። የአባት ስምንም የቤተሰብ ስም አያድርጉት፤ አባታቸው «ወልዴ» የተባለ ሁሉ ዘመዳሞች ሆነው ይወጣሉ።

ለሞክሼ ፊደላት አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይክፈቱ። እዚያ ብቻ ሐ፣ ኀ፣ ኃ፣ ሃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ፣ ዓ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ። ዓምዱ የሚጠረጠሩትን ማቀራረቢያ ነው፤ ዋናውን አጻጻፍ አይንኩ። «ሠረቀ» ጀንበር ወጣች ነው፣ «ሰረቀ» ሌብነት ነው! «ሚኒሊክ»ን ደግሞ ይኸው ዘዴ አይዘውም፤ በእጅ ይታሰር።

ዓመቱ የተዘበራረቀው ሰባት ወይም ስምንት ብቻ ስለተደመረ ይመስለናል። 1928 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1935 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1936 ነው። ቀኑ ካልታወቀ መነሻና መድረሻ አድርገው ይጻፉት፤ የመዝገቡን ቃል እንዳለ፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይያዙ። ጳጉሜንን አንዳንድ ፕሮግራም አይቀበልም፤ እሱን ለብቻው ይፈትኑ።

ቦታን አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ሌላው ጣጣ ነው። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የምኒልክ ሐውልት በ1923 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና ዋዜማ ተመረቀ፣ ጣሊያን በወረራው ጊዜ አነሣው፣ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። «ቦታ፦ አራዳ» ብቻ ካሉ ሐውልቱ ያልነበረባቸውን ዓመታት ይዋሻሉ። ሲዶክ ሲአርኤም የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ መረጃ ሞዴል ምርቃቱን፣ መነሣቱንና መመለሱን እንደ ሦስት ክንውን፣ እያንዳንዱን ከነጊዜውና ከነፈጻሚው ይይዛል። ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፤ እናንተን ዐሥር ያህሉ ይበቋችኋል።

ሁሉንም ከመጫንዎ በፊት መልሳቸውን በእጅ ቆጥረው የሚያውቋቸውን 12 ጥያቄዎች ስፓርክል በሚባለው የግራፍ መጠየቂያ ቋንቋ ይጻፉ። ጥቂቶቹ መልሳቸው ዜሮ መሆን ያለበት ይሁን፤ ለምሳሌ «ከሞተ በኋላ መስቀል የሠራ አንጥረኛ»። ግን መረጃው ሳይጫን ቢቀርም ዜሮ ይመጣልና «ስንት አንጥረኛ አለ?» የሚለውን አብረው ይጠይቁ።

ሻክል የሚባለው መፈተሻ የቅርጽ ስሕተት ይይዛል፦ ቁጥር የሌለው ዕቃ፣ አቆጣጠሩ ያልተገለጸ ቀን። ቀዳማዊና ዳግማዊ ምኒልክ ቢዋሐዱ ግን ዝም ይላል። ደግሞም ሀ ከለ፣ ለ ከመ ጋር አንድ ናቸው ካሉ ከግራፉ ድምዳሜ የሚያወጣው ፕሮግራም ሀን ከመ ጋር ራሱ ያጣብቃል፤ አንዲት ስሕተት ሰንሰለቱን ሁሉ ታበላሻለች። ስለዚህ ከተዋሐዱት ውስጥ 50 በዕጣ አውጥተው ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ሁለት እንኳ ከተሳሳተ ውሕደቱን ፈትተው ደንቡን ያጥብቁ፤ 12ቱንም ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ጭነት ይድገሙ።